«ፓተንት ቶሎ እናደርሳለን» ለሚሉት ሁሉ ኮከብ ልስጥ

ለስልክ ኮከብ እንሰጣለን። ለሆቴል እንሰጣለን። ለአጭር የታክሲ ጉዞ እንኳ እንሰጣለን። ለፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ምርመራ ኮከብ የሰጠ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ይገርማል። አገልግሎት እኮ ነው፤ ይከፈልበታል፣ ደንበኛ አለው፣ ደንበኛውም አብዛኛውን ጊዜ ተናድዶ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ እኔ ልሞክር። እንጀራዬ ከዚህ ወረፋ ጋር የተያያዘ ነው። ከኋላቸው ትልቅ ኩባንያ የሌላቸው የፈጠራ ሰዎች ማመልከቻ እንዲያዘጋጁ አግዛለሁ፣ ለመርማሪ ደብዳቤ መልስ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በተለያየ አገር ያሉ ቢሮዎች «አሻሻልን፣ አፋጠንን» እያሉ ያወጧቸውን መንገዶች አንዳንዱን ሄጄባቸዋለሁ፣ አንዳንዱን ከዳር ሆኜ ስከታተል ኖሬያለሁ።

መለኪያዬን አስቀድሜ ልናገር። ፓተንቱ በስንት ዓመት ወጣ ብዬ አልጠይቅም። የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ በስንት ጊዜ መጣ ነው ጥያቄዬ። ማለትም አንድ ባለሙያ ማመልከቻውን አንብቦ፣ ከዚህ በፊት የተሠራውን ፈልጎ፣ «ይሄ አዲስ ነው፣ ይሄኛው ግን አይደለም» ብሎ የሚጽፍበት ቀን። ያ ወረቀት እጁ ከገባ ሰው ራሱን ያውቃል። ይተዋል፣ ያስተካክላል፣ ወይም ወረቀቱን ይዞ ገንዘብ ያፈላልጋል። ያ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ግን በጨለማ ነው የሚሄደው።

አንድ ስሙን የማልጠራው ቢሮ ለደንበኛዬ ዓመታት አስጠብቆ የላከው የመጀመሪያ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። አንድ የቆየ፣ በይፋ የታተመ ሰነድ ጠቅሶ «አዲስነት የለውም» አለ፤ አለቀ። የቢሮው መፈለጊያ መሣሪያ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት የሚያገኘው ሰነድ ነው። ደብዳቤው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊጻፍ ይችል ነበር። ሰውየው በዚያ መሃል ሞልድ አሠርቷል፣ ብድር ገብቷል። ውድቅ መደረጉን በቀላሉ ዋጠው። መዘግየቱን ግን እስካሁን አልዋጠውም፣ እኔም አልዋጥኩትም።

ለመሆኑ ጊዜው የት ነው የሚሄደው? ማመልከቻው ይገባል፤ በብዙ አገሮች በ18 ወሩ ይታተማል። ምርመራ ይደረግልኝ ብሎ መጠየቅ አለ፣ ከዚያ ወረፋ፣ ከዚያ ደብዳቤ፣ መልስ፣ እንደገና ደብዳቤ፣ እንደገና መልስ። አሁን የሚያስደነግጠውን ልንገራችሁ። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ መርማሪ ለአንድ ማመልከቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰጠው ጊዜ በአማካይ 19 ሰዓት ገደማ ነው። አስራ ዘጠኝ ሰዓት! ሁለት ቀን ተኩል የማይሞላ ሥራ። ዓመታት የምንጠብቀው ለእሱ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ፋይሉ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። መብቱ ደግሞ ተኝቶም ቢሆን ያልቃል፤ በዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት መሠረት የፓተንት ትንሹ ዕድሜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው፣ አብዛኛው አገርም ከዚያ ቀን ነው የሚቆጥረው። ወረፋ ላይ ያለፈው ዓመት ከዚያው ላይ ይበላል።

ሸክሙ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። በ2023 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በዓለም ዙሪያ ወደ 3.55 ሚሊዮን የሚጠጉ ማመልከቻዎች ገብተዋል፤ ግማሽ የሚጠጋው ቻይና ውስጥ ነው። አሜሪካ በ2009 ከ700 ሺህ በላይ ያልተነካ ፋይል ተከምሮባት ነበር። በብዙ ጥረት ወረደ። አሁን በቅርብ ዓመታት ተመልሶ 800 ሺህን አለፈ።

ችግሩም አዲስ አይደለም። አሜሪካ በ1790 የመጀመሪያውን የፓተንት ሕጓን ስታወጣ መርማሪዎቹ እነማን ነበሩ መሰላችሁ? የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጀፈርሰን፣ የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ኖክስ እና ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ኤድመንድ ራንዶልፍ። በዚያ ዓመት የወጣው ፓተንት 3 ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የፖታሽ አሠራር ላይ ነበር። ሚኒስትሮች ቁጭ ብለው የአመድ አቀቃቀል ሲመረምሩ አስቡት። ስላልተቻለ በ1793 ምርመራውን ጭራሽ ተዉት፤ ወረቀቱን ያስገባና የከፈለ ሁሉ ይወስዳል። ፈጠነ፣ አዎ። ግን አንዱ የሌላውን ገልብጦ የሚያስመዘግብበት፣ ክርክሩ ሁሉ ፍርድ ቤት ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ሆነና በ1836 ምርመራው በሙያተኛ መርማሪ ተመለሰ።

ስለዚህ ከዚህ እንጀምር። «ሳንመረምር እንስጥ» የሚለው አገልግሎት ዛሬም አለ፤ እኔ አንድ ኮከብ ተኩል ነው የምሰጠው። ደቡብ አፍሪካ ለምሳሌ ወረቀቱ ሥርዓቱን ጠብቆ ከቀረበ ይዘቱን ሳትመረምር ትሰጣለች። በ2021 ዳቡስ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት በፈጣሪነት የተጠቀሰበትን ፓተንት የሰጠችው በዚህ መንገድ ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝና የአውሮፓው ቢሮ ያንኑ ማመልከቻ አንቀበልም ብለዋል። ፈረንሳይ በተቃራኒው ሄደች። ድሮ የፈረንሳይ ቢሮ አንድን ማመልከቻ ፈጠራዊ ብቃት የለውም (ማለትም ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ነው) ብሎ ውድቅ ማድረግ አይችልም ነበር፤ ከግንቦት 2020 ወዲህ ለሚገቡት ይችላል። አስቡት፣ ሁሉም ፍጥነት ፍጥነት ሲል አንድ አገር ፈልጋ ሥራ ጨመረች። ምክንያቱ ይገባኛል። ያልተመረመረ ፓተንት ይዞ ባለሀብት ፊት የቀረበ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አየው?» የሚል ነው የሚሆንበት።

ቀጥሎ ዝነኛው፣ ከፍሎ መቅደም። አሜሪካኖቹ ትራክ ዋን ይሉታል፤ ከ2011 መስከረም ጀምሮ አለ። ብዙ ሺህ ዶላር ጨምረህ ትከፍላለህ፣ ለትንንሾቹ ቅናሽ አለው፣ ቢሮው በ12 ወር ውስጥ የመጨረሻ ውሳኔ ላይ ለመድረስ ያልማል። እውነቱን ለመናገር ይሠራል። የመጀመሪያው ደብዳቤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመጣ አይቻለሁ፣ ወረፋውን ለለመደ ሰው ዓይኑን ነው የሚያሻሽው። ግን ጥቃቅን ጽሑፉን አንብቡ። «የመጨረሻ ውሳኔ» የሚለው ውስጥ የመጨረሻ ውድቅ ማድረጊያም አለበት። ከዚያ በኋላ እንደገና ይታይልኝ ካላችሁ ቅድሚያው ይቋረጣል፣ እንደገና ካልከፈላችሁ በቀር። ለመልስ ተጨማሪ ቀን ከጠየቃችሁም ያው። የመብት ዝርዝሩ፣ ክሌም የምንለው፣ በጠቅላላ ከ30፣ ራሱን ከቻለው ደግሞ ከ4 መብለጥ የለበትም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መርማሪው ያው መርማሪ ነው። አንዱ ፋይል ወደፊት ሲመጣ ሌላው ወደኋላ ይሄዳል፤ የሚሄደውም መክፈል ያልቻለው ነው። በዓመት ስንት ሰው ይቀበሉ የሚለው ጣሪያ ሲጀመር 10 ሺህ ነበር፣ ከዚያ ደጋግሞ ከፍ ብሏል። ይህን ያህል ሰው ከፍሎ ለመቅደም ከፈለገ ዋናው በር ተበላሽቷል ማለት ነው እንጂ የቅድሚያው በር ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ኮከብ። ገንዘቡ ላለውና የሚያጣድፍ ተፎካካሪ ላለበት ሰው ግን ያለ ማመንታት ግባበት እለዋለሁ።

አሁን የምወደው ላይ ደረስኩ። ጃፓን።

ጃፓኖች ከ1970ዎቹ ጀምሮ አመልካቹ ምርመራ ለመጠየቅ 7 ዓመት እንዲያስብ ይፈቅዱ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከኔዘርላንድስ ነው፤ በ1964 መጀመሪያ የሞከሩት እነሱ ናቸው፣ ጀርመንም ተከተለች። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው በ7 ዓመት ውስጥ ፈጠራው እንደማይሸጥ ይገባዋል፣ ስለዚህ ምርመራ ሳይጠይቅ ይተወዋል፣ መርማሪውም ይገላገላል። ለቢሮው ጥሩ። ለተፎካካሪው ግን መከራ ነው፤ ያ መብት ይጸና አይጸና ሳያውቅ ዓመታት ይሳቀቃል። ጃፓን ከ2001 ጥቅምት ወዲህ ለሚገቡ ማመልከቻዎች 7ቱን ዓመት ወደ 3 አወረደችው። እና ምን ሆነ? የድሮዎቹና የአዲሶቹ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ መጥተው በሩ ላይ ተጋጩ። ወረፋው ባሰበት። ማሻሻያ ራሱ ወረፋ ሲፈጥር የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ግን አልሸሹም። በ2004 አንድ ቁጥር ቆርጠው አስቀመጡ፣ የመጀመሪያው መልስ በ11 ወር ውስጥ፣ እስከ በጀት ዓመት 2013 መጨረሻ። በጊዜ የተወሰነ ኮንትራት ያላቸው ወደ 500 የሚጠጉ መርማሪዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ቀጠሩ። ቀደምት ሥራዎችን የመፈለጉን ድካም ለተመዘገቡ የውጭ ድርጅቶች ሰጡ፤ ፈላጊው ፈልጎ ለመርማሪው ያስረዳል፣ ውሳኔው ግን የመርማሪው ነው። ያሉትንም በዓመቱ አደረሱት። ልብ በሉ፣ ግባቸው ያደረጉት የመጀመሪያውን መልስ ነው፣ የእኔኑ መለኪያ። አራት ኮከብ ተኩል። ግማሹን ያስቀረሁት ያ ገንዘብና ያ የአስር ዓመት ትዕግሥት የሌለው ቢሮ ይህን መኮረጅ ስለማይችል ነው።

የአውሮፓው ፓተንት ቢሮ ሌላ ጸባይ አለው። ፍለጋውን ከምርመራው ይለያል። ማመልከቻ ስታስገቡ መጀመሪያ የሚመጣው የፍለጋ ሪፖርት ነው፣ ከ2005 ወዲህም «በእኛ አስተያየት ይሄ ያልፋል፣ ይሄ አያልፍም» የሚል ጽሑፍ አብሮት ይመጣል። በ2014 ይህ ሪፖርት በ6 ወር ውስጥ ይድረስ ብለው ግብ አደረጉ። ለአንድ አነስተኛ አመልካች ይሄ ወርቅ ነው፤ ለምን ቢባል፣ በ12 ወር ውስጥ ሌላ አገር ለማመልከት የሚያስችለው የቅድሚያ መብት ሳያልፍ ነው የሚደርሰው። የትርጉምና የጠበቃ ገንዘብ ከማፍሰሱ በፊት ያነበዋል፣ ከዚያ ይወስናል።

ፔስ የሚባል ነፃ ማፋጠኛም አላቸው። ክፍያ የለውም፣ ምክንያት አይጠየቅም። ግን ለአንድ ደረጃ አንዴ ብቻ ነው፣ ተጨማሪ ጊዜ ከጠየቃችሁ ትወጣላችሁ፣ ተመልሶ መግባት የለም። ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አፍጥኑልኝ ያለ ሰው ራሱ መጎተት የለበትም። ለአውሮፓው አራት ኮከብ እሰጣለሁ። ቀሪውን የወሰደው ከሪፖርቱ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ውሳኔው ሦስት መርማሪ ያለበት ቡድን ስለሆነ ጥራቱን እወደዋለሁ፣ ግን ሪፖርቱ ቶሎ መጥቶ ዋናው ምርመራ ሲንቀራፈፍ ያስቆጣል፣ በዚያ ላይ መብቱ ሳይሰጥ ገና ዓመታዊ ክፍያው ይጀምራል።

የፓተንት ሀይዌይ የሚሉትም አለ፤ በ2006 ጃፓንና አሜሪካ ለሙከራ ጀመሩት፣ በ2014 ደግሞ ብዙ ቢሮዎች አንድ ላይ የሚጠቀሙበት ሆነ። አንዱ ቢሮ «ይሄ ክሌም ያልፋል» ካለ፣ ያንን ይዛችሁ ሌላው ዘንድ ቅድሚያ ትጠይቃላችሁ። ሁለተኛው ቢሮ በመጀመሪያው ውሳኔ አይታሰርም፣ የራሱን ይመረምራል፣ ግን ግማሹ የቤት ሥራ ተሠርቶለታል። ይህ ከሁሉም ይልቅ አእምሮ ያለው ማሻሻያ ነው። አንድ ፈጠራ በስድስት አገር ስድስት ሰው ከዜሮ ጀምሮ ሲፈልግለት ማየት ምን ይባላል? አብዛኛው ቦታ በነፃ ነው። ጉድለቱ ክሌማችሁ መጀመሪያ ካለፈው ጋር መመሳሰል አለበት፤ የመጀመሪያው ቢሮ ጠባብ አድርጎ ከሰጣችሁ ያንኑ ጠባብ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት። እና የመጀመሪያው ቢሮ ከዘገየ ሀይዌዩ መግቢያ የለውም። አራት።

ብራዚል ይህንን ሐሳብ በግድ ነው የሠራችበት። ብዙ ፋይሎች አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚተኙበት አገር ነበረች። በ2019 ውዝፉን በሁለት ዓመት ውስጥ በ80 በመቶ እንቀንሳለን ብለው ተነሱ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሌላ አገር ፍለጋ የተደረገበት ከሆነ ያንን ሪፖርት አያይዘው ለአመልካቹ ይልኩለታል፣ «ይሄን አይተህ መልስ ስጥ ወይም ክሌምህን አስተካክል» ይሉታል። ዝም ካለ ፋይሉ ይዘጋል። እና ውዝፉ በእርግጥ ተናደ። ከፊሉ የተናደው ባለቤቶቹ ድሮ ስለተዉት ነው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ፋይሉ ተቀምጦ ነበር እንጂ።

በብራዚል ሌላም ታሪክ አለ። ሕጉ ቢሮው የቱንም ያህል ቢዘገይ ፓተንቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 10 ዓመት ይቆያል ይል ነበር። ለአመልካች ማካካሻ ይመስላል። ለመድኃኒት ገዢው ግን መዘግየቱ በሁለት በኩል የሚከፈል ዕዳ ሆነ፣ የአንድ መድኃኒት መብት ከ20 ዓመት አልፎ ይሄዳል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ያንን አንቀጽ ሻረው። በዚያው ዓመት የመድኃኒት ማመልከቻ በጤና ተቆጣጣሪውም በኩል እንዲያልፍ የሚያስገድደው ደንብ ተነሣ። ለጠቅላላው ጥረት ሦስት ኮከብ ተኩል፣ ለድፍረቱ።

ማካካሻ ካነሳን፣ አሜሪካም የራሷ አላት። ቢሮው የመጀመሪያውን መልስ ከ14 ወር በላይ ካዘገየ፣ ወይም ጠቅላላው ከ3 ዓመት ካለፈ፣ በቀን እየተቆጠረ የፓተንቱ ዕድሜ ይረዝማል፤ አመልካቹ ራሱ ያዘገየው ይቀነሳል። ቻይናም በ2021 ተመሳሳይ ነገር ሕጓ ውስጥ አስገብታለች። ደግ ነገር ነው፤ ግን የሚሰጣችሁ ቀን ከመጨረሻው ላይ ነው። አብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሃያኛው ዓመት ማን ያስታውሰዋል? ለመድኃኒት ድርጅት አምስት ኮከብ፣ ለእኔ ደንበኞች ሁለት።

እዚህ ላይ ስለ መርማሪዎቹ ካልተናገርኩ ግፍ ነው። ሰው ሁሉ መርማሪው ሰነፍ ይመስለዋል። መርማሪው በነጥብ ነው የሚኖረው። የአሜሪካው ቢሮ ለእያንዳንዱ ደረጃ ነጥብ ይቆጥርለታል፣ በሁለት ሳምንቱ ይታያል። ድሮ ነጥቡ የተከፋፈለበት መንገድ አንድን ማመልከቻ ከመዝጋት ይልቅ እየዘጉ እንደገና ማስከፈት ያዋጣ ነበር፤ አመልካቹ እየከፈለ «እንደገና ይታይልኝ» ይላል፣ መርማሪው እየቆጠረ ውድቅ ያደርጋል፣ ሁለቱም ሥራ እየሠሩ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። በ2010 ዴቪድ ካፖስ ቢሮውን ሲመሩ ነጥቡን አሸጋሸጉት። የመጀመሪያው ምርመራ ብዙ ነጥብ አገኘ፣ ድጋሚው ቀነሰ፣ ተጨማሪ ሰዓትም ተሰጠ። ይህ ማስታወቂያ የማይሠራለት፣ ስም የሌለው ማሻሻያ ነው። ለእኔ ግን ከትራክ ዋን ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሁሉንም ፋይል ነው የሚነካው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። መርማሪ በደረጃ ባደገ ቁጥር ለአንድ ፋይል የሚሰጠው ጊዜ ይቀንሳል፤ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለው ከጀማሪው ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚያገኘው። ይህን ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት፣ ጊዜው ሲያጥር ፍለጋው ይቀንሳል፣ ማጽደቁ ይጨምራል። ይሄ ነው የፍጥነት ሌላኛው ፊት። ቢሮ ሰዓት ቆርጦ ውዝፉን ቀነስኩ ካላችሁ አትጨብጭቡ፤ ደካማ ፓተንት እየረጨ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ነገ ፍርድ ቤት ላይ የሚከፈል ነው።

ዕድል የሚባለውም አለ። በ2020 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት የአሜሪካ ጀማሪ ኩባንያዎችን አየ፤ ማመልከቻው ለጋስ መርማሪ ጋ ይደርስ ወይ ጨካኙ ጋ እንደ ሎተሪ መሆኑን ተጠቅሞ። የመጀመሪያ ፓተንታቸው የጸደቀላቸው ከአምስት ዓመት በኋላ የሠራተኛ ብዛታቸው ዕድገት ካልጸደቀላቸው በ55 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ይህን ያህል የሚለውጥ ወረቀት በማን ጠረጴዛ ላይ ወደቀ በሚል መወሰኑ ለአገልግሎቱ ምን ኮከብ ይሰጠዋል? ቁጥሩን ለእናንተ ተውኩት።

እኛም አመልካቾች ግን ንጹሕ አይደለንም። አሜሪካ ድሮ የፓተንት ዕድሜን የምትቆጥረው ከተሰጠበት ቀን ነበር፣ 17 ዓመት። እስከ 1995 አጋማሽ። ስለዚህ ማዘግየት ያዋጣ ነበር። ጀሮም ሌመልሰን ለዚህ ስሙ ይነሳል፤ ከ1950ዎቹ የመነጩ ማመልከቻዎቹን እያራዘመ እያራዘመ፣ ኢንዱስትሪው ቴክኖሎጂውን ከለመደ በኋላ ፓተንቶቹ ብቅ አሉ። ፍርድ ቤት በ2000ዎቹ በማሽን እይታና በባርኮድ ላይ የነበሩትን ያለ ምክንያት በመዘግየታቸው አይጸኑም ብሏል። ቆጠራው ከገባበት ቀን ሲሆን ይህ ጨዋታ አበቃ። አንድ መስመር የሕግ ለውጥ ነው፣ ከብዙ መቶ መርማሪ ቅጥር የበለጠ ሠርቷል። ዛሬም ቢሆን መቶ ክሌም ጠቅጥቆ አስገብቶ «ለምን ዘገየ» የሚል ሰው አለ። የአውሮፓው ቢሮ ከ15 በላይ ላለው እያንዳንዱ ክሌም፣ ከ50 በላይ ሲሆን ደግሞ በጣም ከፍ አድርጎ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። እኔ ደስ ይለኛል።

ልቤ የተሰበረበት አንዱ ፒር ቱ ፓተንት ነው። በ2007 የኒው ዮርክ የሕግ ትምህርት ቤትና የአሜሪካው ቢሮ ያስጀመሩት ሙከራ። ፈቃደኛ ባለማመልከቻ ፋይሉን ለሕዝብ ይከፍታል፣ መሐንዲሱ፣ ተማሪው፣ ማንም ሰው ከዚህ በፊት የተሠራውን ፈልጎ ያመጣል፣ ተከራክረው ድምፅ ሰጥተው ምርጥ አሥሩን ለመርማሪው ይልካሉ። ሐሳቡ አምስት ኮከብ ነው። ግን ባለቤቱ ለምን በፈቃዱ ተኩስ ውስጥ ይገባል? ሰዉስ ያለ ክፍያ እስከ መቼ የሌላ ሰው ማመልከቻ ያነባል? ሁለተኛው ሙከራ በ2011 አለቀ፣ በዚያው ቀረ። ከእሱ የተረፈው፣ ማንም ሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሰነድ ለመርማሪው እንዲልክ የሚፈቅድ የሕግ አንቀጽ ነው። በአውሮፓም አለ፣ ያውም በነፃ። ተፎካካሪያችሁ የማይገባውን ሊወስድ ነው ብላችሁ የምትጨነቁ ከሆነ ተጠቀሙበት።

የኮሪያው ሦስት መስመር ደግሞ የጨዋ አሠራር ነው። ከ2008 ጀምሮ ፈጣን፣ መደበኛ፣ ዘግይቶ ብለው ለአመልካቹ ምርጫ ሰጡት። ሁሉም ሰው አይቸኩልም እኮ። ገበያው ያልደረሰ ሰው ክፍያውን ማዘግየት ይፈልጋል፤ እሱ ፈቅዶ ወደኋላ ሲል የቸኮለው ማንንም ሳይገፋ ይቀድማል። አራት ኮከብ። እንግሊዝም ከ2009 ጀምሮ ለአካባቢ የሚበጅ ፈጠራን በነፃ ታስቀድማለች፤ የሚጠበቅባችሁ እንዴት እንደሚበጅ መግለጽ ነው፣ አለቀ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። ለፍለጋ ይረዳል፤ በተለይ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈውን። የአውሮፓው ቢሮ በ2012 ከጉግል ጋር ሆኖ የፓተንት መተርጎሚያ ሲያወጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። ግን ያው መሣሪያ ማመልከቻ የሚጽፈውም ሰው እጅ ላይ አለ። የፍለጋው ጊዜ ሲያጥር የሚገባው ወረቀት ከበዛ ምን ተጠቀምን? ኮከቡን ለጊዜው ይዤዋለሁ።

አንድ ነገር ከመርሳቴ በፊት። የአሜሪካው ቢሮ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ዕድሜው 65 ከሞላ፣ ወይም ሕመሙ ጉዳዩ እስኪያልቅ የማያደርሰው ከሆነ፣ ማመልከቻውን ያለ ምንም ክፍያ ያስቀድምለታል። ማስረጃ አያይዞ መጠየቅ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ ሺህ ዶላር የሚከፍሉ ሽማግሌዎች አሉ፣ ያናድደኛል። ሙሉ አምስት ኮከብ። ታዲያ ለመቅደም ብላችሁ አጎታችሁን ፈጣሪ ብላችሁ እንዳታስገቡ፤ ያልፈጠረ ሰው ስም የገባበት ፓተንት በኋላ ሙሉውን ሊፈርስ ይችላል።